ከ7 ሰዓት በኋላ የሚደርቅ ስልክ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፣ ስታክ ስለሚያደርግ ስልክ። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ልጁ የጻፈው ነገር የብዙዎቻችሁ ነው፣ ስማችሁ ብቻ ነው ሚለያየው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ድሬ ባጃጅ ነው ምሰራው፣ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ሳቢያን ስመላለስ ነው ምውለው። ስልኬ 32 ጊጋ 2 ራም ነው፣ ከገዛሁት 3 ዓመት ሊሆነው ነው። ጠዋት ምንም አይልም፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ግን ድርቅ ይላል፣ ይጠራል ግን ላነሳው ስል ጣቴን አይሰማም፣ ደንበኛ እየደወለ እኔ እያየሁት ይዘጋል። ሞባይል ቤት ስወስደው ሶፍትዌሩ ነው ብለው ፍላሽ አደረጉት፣ ሁለት ሳምንት ቆንጆ ሆነ ከዛ ያው። ደግሜ ወሰድኩት ደግመው ፍላሽ አደረጉት፣ በዚህኛው የልጄ የክርስትና ፎቶ በሙሉ ሄደ፣ ይጠፋል ብሎ ቀድሞ የነገረኝ የለም። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልውሰደው ወይስ ሽጬ ሌላ ልግዛ? (ባጃጅ ሹፌር፣ ሳቢያን)

መልስ፦ አቦ ለፎቶው በጣም አዝናለሁ። እኔ ራሴ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ ለዓመታት ስልክ ስጠግን ስለኖርኩ አንድ ነገር ልናዘዝልህ፣ ፍላሽ ማድረግ (ሲስተሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን) ለሰሪው ቀላል ስራ ነው፣ ኬብል ሰክቶ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል፣ ስልኩ እንደ አዲስ ከፍቶ ይሰጥሃል አንተም ደስ ብሎህ ትከፍላለህ። ግን "ፎቶህን አስቀምጠሃል ወይ" ብሎ ሳይጠይቅ ፍላሽ ሚያደርግ ሰሪ ጋ ሁለተኛ አትሂድ፣ እኔ ብሆን አልሄድም።

አሁን ወደ ስልክህ። "ከ7 ሰዓት በኋላ" ያልካት ነገር ግማሹን መልስ ይዛለች። ሶፍትዌር የተበላሸ ስልክ ሰዓት አይመርጥም፣ ጠዋትም ይደርቃል ማታም ይደርቃል። ያንተው ሀገሩ ሁሉ በርጫ ላይ ሲቀመጥ ነው ሚደርቀው፣ ያ ሰዓት ደግሞ ድሬ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ነህ ምታውቀው፣ የባጃጁ ወንበር ራሱ ያቃጥላል። ስልኩን የት ነው ምታስቀምጠው? እርግጠኛ ነኝ መስታወቱ ስር ማንጠልጠያው ላይ ነው፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታው፣ ቻርጀር ተሰክቶበት፣ ዳታ በርቶ፣ ወፍራም ከቨር ለብሶ። አፕል ለአይፎን ሚሰጠው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ የእኛ ከተማ ጥላ ስር እንኳን ይህን ቁጥር ያልፋል፣ መስታወት ኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ስልክ ሲግል ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ቻርጅ መቀበልም ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ አንተ ደረቀ ምትለው ነገር ግማሹ ስልኩ ራሱን እየጠበቀ ነው።

መፍትሄው ገንዘብ አይፈልግም። ስልኩን ከመስታወቱ አንስተህ ፀሐይ ማያገኘው ቦታ አድርገው፣ ደረት ኪስህ ውስጥ ሳይሆን ከመሪው ስር ካለው ኪስ ውስጥ፣ በቀትር ቻርጅ አታድርገው፣ ከቨሩን አውልቀው፣ ማትጠቀምበት ሰዓት ዳታውን አጥፋው። ከጋለ ደግሞ ጥላ ውስጥ አስቀምጠህ ዝም በለው፣ ሌላ ነገር አታድርግ። ፍሪጅ ውስጥ ምትከቱ ሰዎች አላችሁ፣ ወላሂ አትክተቱ! አንዴ አንዲት ልጅ ከጁስ ቤት ፍሪዘር አውጥታ ቀጥታ ወደኔ አመጣችው፣ ጀርባውን ስከፍተው የካሜራው መስታወት ከውስጥ ላብ አልቦታል፣ ቦርዱ ላይ ጤዛ የመሰለ ጠብታ ተቀምጧል። የጋለ ስልክ በአንዴ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ባለው አየር ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፣ ሙቀቱ ያልገደለውን ውሃው ይገድለዋል።

ይሄ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ "ሁለት ሳምንት ቆንጆ ሆነ" ያልከው ላይ አለ። ፍላሹ ምን የጠገነ ይመስልሃል? ምንም አልጠገነም፣ ስልኩን ባዶ አደረገው እንጂ። ባዶ ስለሆነ ፈጠነ፣ አንተ ቴሌግራም መልሰህ ጫንክ፣ ግሩፖቹ ቪዲዮ ማውረድ ጀመሩ፣ በሁለት ሳምንት ሞላ፣ ተመልሶ ደረቀ። 32 ጊጋ ተብሎ ቢሸጥም ሲስተሙ ለራሱ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፣ የቀረው ደግሞ ሲሞላ ስልኩ ጊዜያዊ ፋይሎቹን ሚጽፍበት ቦታ ያጣል። ቅዳሜ ቀን ቀፊራ ገበያ መሃል ገብተህ ባጃጅህን ልታዞር ስትሞክር አስበው፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ መሪው ደህና ነው፣ ግን መዞሪያ የለም። ከጠቅላላው ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በመቶ ክፍት ይሁን፣ ላንተ 4 ጊጋ አካባቢ ማለት ነው።

ሴቲንግ ገብተህ ስቶሬጅ ሚለውን እየው፣ ቀይ ከሆነ በቃ አገኘኸው። መጀመሪያ ቴሌግራም፦ ሴቲንግ፣ ከዛ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዛ ስቶሬጅ ዩሴጅ ስትል ምን ያህል እንደያዘ ያሳይሃል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ሚደነግጠው፣ 9 ጊጋ 11 ጊጋ ያየሁባቸው ስልኮች አሉ። ክሊር ካሽ በለው። አትፍራ፣ ቻቶችህ አይጠፉም፣ ፎቶና ቪዲዮው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልግ መልሰህ ታወርደዋለህ። እዛው ታች ደግሞ ሚዲያ ለስንት ጊዜ ይቀመጥ ሚል አለ፣ ጥቂት ቀን ብቻ አድርገው፣ አውቶ ዳውንሎዱንም አጥፋው፣ ካልሆነ በሳምንቱ ያው ነህ። ዋትሳፕ ላይ ግን ተጠንቀቅ! እዛ ያለው ፎቶ ስልክህ ላይ ነው ያለው፣ ካጠፋኸው ጠፋ፣ ስለዚህ እያየህ እየመረጥክ። ከጋላሪ ያጠፋኸው ደግሞ ወዲያው አይሄድም፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ (ትራሽ) ውስጥ 30 ቀን ገደማ ይቀመጣል ቦታም ይይዛል፣ ገብተህ ባዶ አድርገው።

ራም ቡስተር፣ ክሊነር፣ ስልክ አፍጣኝ ምናምን ሚሉ አፖችን ካወረድክ አሁኑኑ አጥፋ። 2 ራም ባለው ስልክ ላይ እነሱ ራሳቸው ራም በልተው ማስታወቂያ ያሳዩሃል፣ የዘጉትንም አፕ ሲስተሙ መልሶ ሲከፍተው ባትሪ ይበላል። እኔ ሚገርመኝ ሰው ቤቱን ሊያጸዳለት የመጣ እንግዳ ሳሎኑ ላይ ተኝቶ እያየው ዝም ማለቱ ነው።

ደርቆ ሲይዝህ ደግሞ ስክሪኑን በጣትህ አትደብድበው፣ የነካኸው ሁሉ ይጠራቀምና ሲነቃ በአንዴ ይፈጽመዋል፣ ላልፈለግከው ሰው ሲደውል ታገኘዋለህ። ሳምሰንግ ከሆነ ፓወሩንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ከ7 ሰከንድ በላይ ያዛቸው፣ ንዝረት ተሰምቶህ ስሙ እስኪመጣ። ሌሎቹ አንድሮይዶች ብዙዎቹ ፓወሩን ብቻ እስከ 30 ሰከንድ ስትይዘው ይነሳሉ። አይፎን ከ8 ጀምሮ ያለው ደግሞ ድምፅ መጨመሪያውን ነካ ልቀቅ፣ መቀነሻውን ነካ ልቀቅ፣ ከዛ የጎኑን ያዝ፣ ፖሟ እስክትመጣ አትልቀቅ። ይሄ ፎቶ አያጠፋም፣ ሪስታርት ነው በቃ።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ጠዋትም መድረቅ ከጀመረ ሴፍ ሞድ ሞክር፦ ፓወሩን ይዘህ ማጥፊያው ሲመጣ፣ ማጥፊያውን ራሱን ረጅም ተጫነው፣ ሴፍ ሞድ ይልሃል (ይህ በብዙው አንድሮይድ ይሰራል)። በዛ ሁኔታ አንተ የጫንካቸው አፖች አይሰሩም። ስልኩ ፈታ ካለ ጥፋተኛው ከአፖችህ አንዱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን ጓደኛ የላከልህ ሞድ ምናምን ሚባለው (ሌላ ሰው ቀይሮ የሰራው አፕ)፣ ከመጨረሻው ጀምረህ አንድ አንድ እያልክ አጥፋ። እዛም ላይ ከደረቀ ያኔ ወደ ሰሪ ሂድ። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ያንተም የስልኩም አይሆንም። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ላይ በዓለም ዙሪያ የአንድሮይድ አፖች፣ ጂሜይልም ሳይቀር፣ በየራሳቸው እየተዘጉ ሰው ግራ ገብቶት ነበር፣ ምክንያቱ ዌብቪው ሚባለው (አፖች ውስጥ ድረ ገጽ ሚያሳየው) የሲስተሙ ክፍል አፕዴት ነበር፣ ጎግል ሌላ አፕዴት ለቀቀና አበቃ። ያን ቀን ፍላሽ ያስደረገ ሰው ፎቶውን በከንቱ ነው ያጣው።

የግድ ፍላሽ ወይ ሪሴት ሚሆን ከሆነ መጀመሪያ ፎቶህን ጎግል ፎቶስ ላይ በዋይፋይ አስገባ (15 ጊጋ በነጻ ነው፣ ከጂሜይልህ ጋር ይጋራዋል)፣ ወይ ኮምፒውተር ላይ ገልብጠው። ከዛ ደግሞ ጂሜይልህንና ፓስዎርዱን ታውቃለህ ወይ? ይሄን ስጠይቅ ሰው ሚመልሰው አንድ ነው፣ "ስልኩን ስገዛ የሱቁ ልጅ ነው የከፈተልኝ"። ሪሴት ከሆነ በኋላ ስልኩ ቀድሞ የነበረውን አካውንት ሊጠይቅህ ይችላል፣ ካላወቅከው በር ላይ ትቀራለህ፣ የሱቁን ልጅ ፍለጋ መጋላ ለመጋላ ትዞራለህ።

ሌላ መግዛቱን ለአሁኑ ተወው። ቴሌግራሙን አጽዳ፣ ከፀሐይ አንሳው፣ አንድ ወር እየው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ቻርጅ ላይ ሲሆን ያብዳል፣ ሳልነካው ይከፍታል ይዘጋል፣ ስጽፍ ሌላ ፊደል ይመጣል፣ ስነቅለው ደህና ይሆናል። ስክሪን ይቀየር አሉኝ። (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ እህቴ ስክሪን አትቀይሪ! ስትነቅዪው ደህና ከሆነ ስክሪኑ ምን አደረገ? ቻርጀሩ ነው። ርካሽ ቻርጀር ኤሌክትሪኩን በደንብ አያጣራም፣ ያ ያልተጣራ ነገር በኬብሉ መጥቶ ስክሪኑ ላይ ይገባል፣ ስክሪኑ ደግሞ ጣትሽን ሚያውቀው በጣም ጥቃቅን በሆነ የኤሌክትሪክ ለውጥ ስለሆነ ያንን ጣት ነው ብሎ ያስባል። የጎረቤት ደህና ቻርጀር ተውሰሽ ሞክሪ፣ ኬብሉንም ለብቻው ቀይረሽ እዪው። ቻርጀር ተቀይሮም ካልተወው ብቻ የተለጠፈውን ግላስ አንሺው፣ ወፍራም ከሆነ ወይ ጠርዙ ላይ አቧራ ከገባ እሱም እንደዚህ ያደርጋል። አንድ ነገር ግን፣ ጀርባው ካበጠ ወይ ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ባትሪው ነው፣ ቻርጅ ማድረግ አቁመሽ ወደ ሰሪ፣ አትጫኚው አትውጊው።

ጥያቄ፦ የሽመንደፈር (የባቡሩ) ጡረተኛ ነኝ። ለልጅ ልጆቼ ፎቶ እንዲሆነኝ ብዬ ከመንገድ ላይ ኤስ 23 አልትራ፣ 16 ራም 1 ቴራ የተባለ ስልክ በጥሩ ዋጋ ገዛሁ። አንድ ቪዲዮ ከከፈትኩ ይቆማል። እንዲህ ያለ ትልቅ ስልክ ለምን ይቆማል?

መልስ፦ አባባ፣ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይሄድ ታውቃለህ ስለዚህ በአንተ ልቀጥል። ስልኩ ፎርጅድ ነው። እንዴት አወቅክ ካልከኝ 16 ራም ስላልክ፣ ትክክለኛው ኤስ 23 አልትራ የወጣው በ8 እና በ12 ራም ነው፣ 16 ሚባል የለውም፣ አታላዮቹ ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ሰው ይወዳል ብለው ነው የጨመሩት። ያ 1 ቴራ ሚለው ጽሁፍም ስክሪን ላይ የተጻፈ ጽሁፍ ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ትንሽዬ ሚሞሪ ነው፣ አንድ ቪዲዮ ሲከብደው ሚቆመው ለዛ ነው። ይሄን ስልክ ጽዳትም ፍላሽም አያድነውም፣ ማንም "አስተካክልልሃለሁ" ቢልህ ብር እንዳትሰጠው።

ለስልክ ጥሪና ለሬዲዮ ይሆንሃል። የልጅ ልጆችህን ፎቶ ግን እዛ ላይ አታስቀምጥ፣ ከሞላ በኋላ ሚገባውን የገባ አስመስሎ ያሳይሃል፣ ስትከፍተው ግራጫ ሳጥን ነው። በሌላ ጊዜ ስልክ ስትገዛ ሻጩ ፊት ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውልበት፣ ሚመጣው 15 አሃዝ ያለው የአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፣ ካርቶን የለውም ካለህ ሂሳቡን ኪስህ መልስ። ቁጥሩ ቢገጥምም አትቸኩል፣ ካርቶንም ይፎረጃል፣ ብዙ ረጃጅም ፊልሞች ገልብጠህበት የመጨረሻውን ፊልም መጨረሻው ላይ ወስደህ ክፈተው፣ እየሰራ ከሆነ ያኔ ዋጋ ተነጋገር።