«ታሪክ ተምሬ ምን እሆናለሁ?» ለምትሉ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ታሪክ በማስተማር ነው። ከተማሪዎች አፍ የማይጠፋው ጥያቄ «ታሪክ ተምሬ ምን እሆናለሁ?» የሚለው ነው። ጥያቄው አያስከፋኝም። የኑሮ ጉዳይ ነው፤ መጠየቅም አለበት። ዛሬ መልሱን የአንዲት የታሪክ ምሁርን የሥራ ዘመን እየተረክሁ ልስጣችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምሁሯ ድሩ ጊልፒን ፋውስት ይባላሉ። በ1947 ኒው ዮርክ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ክላርክ ካውንቲ በሚባል የገጠር አካባቢ ነው። ሦስት ወንድሞች ነበሯቸው፤ ሴት ልጅ እሳቸው ብቻ ናቸው። እናታቸው «ዓለሙ የወንዶች ነው፤ ይህን ቶሎ ብታውቂ ይሻልሻል» ይሏቸው እንደነበር ኋላ ላይ ተናግረዋል። ምክሩ ግን አልተዋጠላቸውም።

በ1957፣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ደብዳቤ ጻፉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የወሰነው በ1954 ነው። የቨርጂኒያ ፖለቲከኞች ደግሞ ሞተን እንገኛለን ብለው ውሳኔውን ይታገሉ ነበር። እሳቸውም ዕድሜያቸውንና ነጭ መሆናቸውን ከገለጹ በኋላ፣ ይህ መለያየት ይቅር ብለው ፕሬዚዳንቱን ለመኑ። ደብዳቤው ካንሳስ በሚገኘው የአይዘንሃወር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። እሳቸው የታወቁ ምሁር ከሆኑ በኋላ ቅጂውን አስፈልገው አገኙት። ይህ ነገር እኔን በጣም ነው የሚነካኝ። አንድ ስሙን የማናውቀው የመዝገብ ሠራተኛ የአንዲትን ሕፃን ወረቀት «ምን ያደርጋል» ብሎ አልጣለውም። እንደዚህ ያሉ ሠራተኞች ባይኖሩ እኛ ምን ይዘን ነበር የምንጽፈው?

በ1965 ብሪን ማር በተባለው የሴቶች ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበሩ። አላባማ ውስጥ፣ ሴልማ በተባለች ከተማ፣ የመምረጥ መብት የጠየቁ ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላ ተደበደቡ። እሳቸውም ፈተናቸውን ትተው ወደዚያው ሄዱ። ፈተና ዝለሉ እያልኳችሁ አይደለም። ግን አስተውሉ፤ ወደ ታሪክ የገቡት ከመጽሐፍ ቀድሞ በዓይናቸው ባዩት ግፍ በኩል ነው።

በ1968 ተመረቁ። ሁለት ዓመት ያህል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠሩ። ዶክትሬታቸውን በ1975 ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ አገኙ፤ እዚያው ሩብ ምዕተ ዓመት አስተማሩ። ሩብ ምዕተ ዓመት! ዘንድሮ ተመርቆ ከርሞ ኃላፊ ካልሆንኩ የሚል ወጣት ስለማይ ነው ይህን ቁጥር የማነሳው።

በእነዚያ ዓመታት ምን ያጠኑ ነበር? ባሪያ አሳዳሪዎችን። የተማሩ፣ ጸሎት የሚያደርሱ፣ ቤተሰብ የሚወዱ ሰዎች ሌላውን ሰው እንደ ዕቃ መሸጥና መግዛት ልክ ነው ብለው ራሳቸውን እንዴት አሳመኑ? ይህን ለማወቅ የእነዚያን ሰዎች ማስታወሻና ደብዳቤ ዓመታት ተቀምጠው አነበቡ። ለወጣት አንባቢ ይህ ከባድ ልምምድ ነው። ዛሬ የማንወደውን ሰው ሁለት መስመር አንብበን መሳደብ ለምዶብናል። የታሪክ ሰው ግን ያንን ሰው እስከ መጨረሻው ያነበዋል። መረዳት ማለት ይቅር ማለት አይደለም። ሳይረዱ መፍረድ ግን ከሙያችን ውጭ ነው።

ከዚያ ወደ ሞት ዞሩ። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው፣ ደቡቡ ልገንጠል ብሎ ከሰሜኑ ጋር በተዋጋበት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት 620,000 ያህል ወታደሮች እንዳለቁ ይገመታል፤ ከሕዝቡ ሁለት በመቶ ገደማ ማለት ነው። ፋውስት የጠየቁት ማን አሸነፈ ብለው አይደለም። ይህን ሁሉ ሬሳ ማን ቀበረው? ለእናቶቻቸው ማን አረዳቸው? ነው ያሉት። ጦርነቱ ሲጀመር ሠራዊቱ የሞተን ሰው ለይቶ ለቤተሰቡ የሚያሳውቅበት አሠራር አልነበረውም። አንገት ላይ የሚንጠለጠል መለያም አይታደልም ነበር። ስለዚህ ወታደሮች ከውጊያ በፊት ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ልብሳቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያይዙ ነበር። ሬሳዬ ሲገኝ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ ብለው ነው። ሲሞቱም ጓደኞቻቸው ለቤተሰብ ይጽፋሉ፤ በምን ሁኔታ እንደሞተ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ከ300,000 በላይ የሰሜን ወታደሮችን አፅም ሰብስቦ በ74 ብሔራዊ መካነ መቃብሮች አሳረፈ። ስማቸው የታወቀው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ከሌላው በላይ የተጻፈው «ያልታወቀ» የሚል ነው። የደቡቦቹን ሙታን መንግሥት አላካተተም፤ እነሱን የሰበሰቡት የአካባቢው ሴቶች ማኅበራት ናቸው።

ይህን ሁሉ የጻፉበት መጽሐፍ የታተመው በ2008 መጀመሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ግን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ከሆኑ ወራት አልፈዋል። በ2001 ራድክሊፍ የተባለውን የሃርቫርድ የምርምር ተቋም በዲንነት ለመምራት መጡ። ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው 28ኛ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሃርቫርድ የተመሠረተው በ1636 ነው፤ እስከዚያ ቀን ሴት መርታው አታውቅም። እሳቸው ራሳቸው እዚያ ተምረው አያውቁም። ሹመቱ ይፋ ሲሆን «እኔ የሃርቫርድ ሴት ፕሬዚዳንት አይደለሁም፤ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ነኝ» አሉ።

ወንበሩ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ። የዩኒቨርሲቲው ቋሚ ሀብት ከ36.9 ቢሊዮን ዶላር ወደ 26 ቢሊዮን ወረደ፤ የተጀመረ ትልቅ ግንባታም ቆመ። ኋላ ላይ በተካሄደ ዘመቻ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በሁሉም ነገር ልክ ነበሩ ለማለት ግን አልደፍርም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን ከነዳጅና ከከሰል ኩባንያዎች ያውጣ ሲሉ በ2013 አልተቀበሏቸውም። እኔ በዚህ ከተማሪዎቹ ጋር ነኝ።

ልብ ብላችሁ እንድታዩልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በ2007 ስቬን ቤከርት የተባሉ የሃርቫርድ የታሪክ ፕሮፌሰር ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆነው ዩኒቨርሲቲው ከባርነት ጋር የነበረውን ግንኙነት ከመዝገብ ማውጣት ጀመሩ። የእናንተ ዕድሜ ላይ ያሉ ተማሪዎች ናቸው የቆፈሩት። በ2011 ያገኙትን በትንሽ መጽሐፍ አወጡት። ለአንድ ተቋም መሪ እንዲህ ያለ ወሬ ራስ ምታት ነው፤ ስም የሚያጠፋ፣ ለጋሽ የሚያሸሽ ይመስላል። ብዙ መሪ መሳቢያ ውስጥ ይከተው ነበር።

ፋውስት ወደ አደባባይ አወጡት። በሚያዝያ 2016 ዋድስዎርዝ ቤት ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተሰቀለ። ቤቱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፕሬዚዳንቶቹ መኖሪያ ነበር። ጽሑፉ ላይ ያሉት አራት ስሞች ናቸው፦ ታይተስ፣ ቪነስ፣ ቢልሃ፣ ጁባ። ሁለቱ በፕሬዚዳንት ዋድስዎርዝ፣ ሁለቱ በፕሬዚዳንት ሆልዮክ ቤት በባርነት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከፋውስት ጋር ቆመው የመረቁት የምክር ቤት አባሉ ጆን ሉዊስ ነበሩ። በ1965 ሴልማ ላይ ጭንቅላታቸው በዱላ የተፈነከተው እኚሁ ሰው ናቸው።

እንግዲህ «ምን እሆናለሁ?» ላላችሁኝ መልሴ እዚህ ላይ ነው። ስም የለሽ ሙታንን ለዓመታት ሲፈልግ የኖረ ሰው፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥም የሚያየው ሌላው የማያየውን ነው። ሌላ መሪ የሕዝብ ግንኙነት ችግር የሚያይበት ቦታ ላይ እሳቸው አራት ሰዎችን አዩ። ይህን ያስተማራቸው የአመራር ሥልጠና አይደለም፤ ያ ሁሉ ዘመን ደብዳቤ ሲያነቡ መኖራቸው ነው። ስለዚህ ሹመትን አትናቁ፤ ሙያችሁ ሳይጠና ግን አትጣደፉለት። ሲደርሳችሁም ሙያውን ደጅ ጥላችሁት አትግቡ።

በ2018 ሥልጣኑን ለቀቁ። ሥራ አልፈቱም፤ ወደ ማስተማሩና ወደ መጻፉ ተመለሱ። በ2023 ስለ ልጅነታቸውና ስለ ወጣትነታቸው የጻፉትን አሳተሙ።

ታሪክ ልማር ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ቤተ መዛግብት ግቡ፤ ካጣችሁ ከዘመድ ሣጥን አንድ የቆየ ደብዳቤ ለምኑ። ቃል በቃል በእጃችሁ ገልብጡት። ማን ጻፈው፣ ለማን፣ መቼ፣ ምን ፈልጎ፣ ምንስ ሳይናገር አለፈ? በውስጡ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ስም ተከታትላችሁ ማንነቱን ፈልጉ። ጥቂት ሳምንት ሠርታችሁ ከሰለቻችሁ ሌላ መስክ ያዙ፤ ቅር አይበላችሁ። እንቅልፍ ከነሳችሁ ግን ሄዳችሁ ተመዝገቡ።