ክሩን ከድመቷ፣ ድመቷን ከክሩ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሹራብ ሥራና ስለ ቤቴ እንስሳት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እናንተም አልሰሰታችሁም። ግማሹ ጥያቄ ስለ ክር ነው፣ ግማሹ ስለ ድውርና ስለ ቡቺ። ለማታውቋቸው፦ ድውር ግራጫ ድመት ናት። ተጠቅልላ ስትተኛ የተደወረ ክር ስለምትመስል ነው ስሟን ያገኘችው። ቡቺ ደግሞ ፀጉሩ አጭር፣ ዕድሜው የገፋ፣ ብርድ የማይችል ውሻ ነው። እኔ ሹራብ ስሠራ 14 ዓመት አልፎኛል። የእንስሳት ሐኪም ግን አይደለሁም። ስለ ጤና የምላችሁ ሐኪም ያስረዳኝንና ቤቴ የደረሰውን ነው።

ጥያቄ፦ ያ ግራጫ ካርዲጋን የት ደረሰ? ካለፈው ዓመት ጀምሮ "እጅጌው ብቻ ቀረኝ" እያልሽ ነው።

አሁንም እጅጌው ብቻ ቀረኝ። አትሳቁ። ቀኙን በ4 ሚሊሜትር መርፌ ጨረስኩ። ግራውን ልጀምር ስል ድውር መርፌው ላይ ተኝታለች። እሷን ከመቀስቀስ ብዬ 4.5 ሚሊሜትሩን አነሳሁ። ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያመጣል ብዬ። ጨርሼ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነጥፋቸው ግራው እጅጌ የሌላ ሰው መስሏል። ሰፍቷል፣ ረዝሟል። ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች ተረተርኩት።

ጥያቄ፦ ድመቴ በክር ስትጫወት ደስ ይለኛል። ፎቶም አነሳታለሁ። አደጋ አለው የሚሉኝ ሰዎች እያጋነኑ ነው?

አያጋንኑም እህቴ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ረጅም መልስ የምሰጠው ለዚህ ነው።

የድመት ምላስ ሸካራ ነው አይደል? ያ ሸካራ ነገር ወደ ጉሮሮ ያዘነበለ እሾህ መሰል ነገር ነው። ክር አንዴ ምላሷ ላይ ከገባ መትፋት ይከብዳታል። ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም። ስለዚህ ባትፈልግም ትውጠዋለች። ከዚያ አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ይያዛል። ሌላው ጫፍ አንጀት ውስጥ ይገባል። አንጀት ደግሞ ምግብ ለመግፋት ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ክሩ ስለተያዘ አይሄድለትም፤ አንጀቱ ራሱ ክሩ ላይ ይሰበሰባል። የሱሪ ገመድ ስትስቡ ወገቡ እንዴት እንደሚሸበሸብ አስቡት። ክሩ የተወጠረበት ቦታ አንጀቱን ሊቆርጠው ይችላል።

ድውር ላይ ደርሷል። የአንድ ኮፍያ ጫፍ ስሰፋ 30 ሴንቲሜትር ያህል ትርፍ ክር ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ ተውኩ። ስልክ ጠራ። ተመልሼ ስመጣ ክሩ የለም። ወድቆ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፣ ምግብ አሸተተችና ፊቷን አዞረች፣ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ምላሷን ወደ ላይ ሲያነሳ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታየ። የኔው ክር። በቀዶ ሕክምና ወጣላት፤ ሆዷ ተላጭቶ ለሳምንታት እንደተቆጣች ኖረች።

ሦስት ነገር ያዙልኝ። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ብታዩ አትጎትቱ፤ ውስጥ ያለውን አንጀት ትቆርጣላችሁ። የወጣውን ጫፍም አሳጥራችሁ አትቁረጡ፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል። እስከ ነገ ልያት አትበሉ፤ በዚያው ቀን ውሰዷት። ክሩ ላይ መርፌ ካለበት ደግሞ ደቂቃም አትጠብቁ።

አሁን ትርፍራፊ ክር የማስቀምጠው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጣሳ ውስጥ ነው። በጅምር ያለ ሥራ ዚፕ ባለው ቦርሳ ይገባል፣ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ። መጫወት ካማራት በዱላ ጫፍ የታሰረ ላባ አለላት፤ እኔ ስይዘው ብቻ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የሚለካ ናሙና ሳትሠሪ ሹራብ ጀምረሽ ታውቂያለሽ? እኔ ትዕግሥት የለኝም።

አውቃለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ሠርቼ ሳልለካ የሠራሁትን ሹራብ አሁን ቡቺ ይተኛበታል።

ሒሳቡን ላሳይሽ፤ ከዚያ የራስሽ ጉዳይ። መመሪያው በ10 ሴንቲሜትር 20 ቀለበት (መርፌው ላይ የሚሠራው አንዱ የክር ዙር) ይውጣ ይላል እንበል። ደረትሽ ላይ 110 ሴንቲሜትር እንዲሆን 220 ቀለበት ትጀምሪያለሽ። አንቺ ግን እጅሽ ጠበቅ ይልና በ10 ሴንቲሜትር 22 ይወጣል። ሁለት ቀለበት ናት፤ ማን ያያታል? ሹራቡ ግን 100 ሴንቲሜትር ይሆናል። እጅሽ ላላ ብሎ 18 ከወጣ ደግሞ 122 ይደርሳል። አንዱ አይገባሽም፣ ሌላው ከነቡቺ ያስገባሻል።

ናሙናውን ከ10 ሴንቲሜትር አስበልጪው፤ 15 በ15 ይሁን። ጠርዙ ስለሚጣመም መሐሉን ነው የምትለኪው። ደግሞ ሳታጥቢ አትለኪ። ሱፍ ውኃ ሲነካው ዘና ይላል፤ ደረቅ ሳለ የለካሽው ቁጥር ይዋሽሻል። በጣም ብዙ ቀለበት ከወጣ መርፌውን በአንድ ቁጥር አወፍሪ፣ ካነሰ አቅጥኚ። "እጄን ላላ አደርጋለሁ" ብለሽ አትጀምሪ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትረሺዋለሽ።

ጥያቄ፦ ብል ክሬን እየፈጀው ነው። ናፍታሊን ብጨምርበት?

ድመት ወይም ውሻ ካለህ ናፍታሊንን እርሳው ወንድሜ። ለሁለቱም መርዝ ነው፣ ለድመት ይብሳል። የሽቶ ዘይቶችንም ድመት ባለበት ቤት ክሩ ላይ አታንጠባጥብ። ድመት ክሩ ላይ ትተኛና ፀጉሯን ትልሳለች፤ የነካት ሁሉ ሆዷ ይገባል።

የሚበላብህ የሚበረው የእሳት እራት አይደለም፤ ትል የሚመስለው እጩ ነው። ሱፍና ፀጉር የተሠራበትን ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ይወዳል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክርና ንጹሕ ጥጥ ላይ ብዙ አይመጣም፣ ላብ ወይም ምግብ ካልነካቸው በቀር። ክሩን በላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ጠቅልልና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት አቆየው። ስታወጣው ላስቲኩን ቶሎ አትክፈት፤ እርጥበት ይይዛል። ከዚያ መደርደሪያውን፣ በተለይ ማዕዘኑን፣ በቫክዩም ጥረግ። የድመት ፀጉር የተከማቸበት ጥግም ለብል ግብዣ ነው። ይሄን እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁበት።

ጥያቄ፦ ሹራቤ ላይ የገባ የድመት ፀጉር እንዴት ይወጣል?

አይወጣም። ግራጫ ክር ግዢ።

ጥያቄ፦ ለውሻዬ ሹራብ ልሠራለት ነው። ምን ምን ልለካ?

ሦስት ልክ ይበቃል። አንገቱን ማነቂያው በሚያርፍበት ቦታ፣ ደረቱን ከፊት እግሮቹ ጀርባ በወፍራሙ በኩል፣ ጀርባውን ከአንገት እስከ ጭራው መነሻ። ከሦስቱ ዋናው የደረቱ ልክ ነው። አንገቱ ላይ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ወንድ ከሆነ የሆዱን በኩል አሳጥሩት። ለምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንቱን ሲሸና ይገባችኋል።

አዝራር አታድርጉበት፤ ነክሶ ይውጠዋል። ብብቱ ሥር እንዳይፈገፍገው የእግር ቀዳዳውን ሰፋ አድርጉ። ከራሰ አውልቁለት፤ እርጥብ ሹራብ ከራቁት ይብሳል። ብቻውን ሲሆንም አታልብሱት፤ አንድ ነገር ይይዘውና ይታነቃል። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ውሻ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልገውም።

ድመትስ ላላችሁት፦ ለድውር አንዴ ሞክሬ ነበር። ሳለብሳት ቆመች፣ ከዚያ እንደ ግንድ ወደ ጎን ወደቀች። ደህና ነች፤ ተቃውሞ ነበር።

ጥያቄ፦ ከውሻ ፀጉር ክር ይፈተላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

እውነት ነው፤ እንዲያውም የቆየ ሥራ ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚኖሩት የሳሊሽ ሕዝቦች ለፀጉሩ ብለው የሚያረቡት ነጭ ውሻ ነበራቸው። ከሌሎች ውሾች ለይተው ያኖሩት ነበር፣ ዘሩ እንዳይደባለቅ። ከፀጉሩ ብርድ ልብስ ይሸምኑ ነበር። ዝርያው ዛሬ የለም። በ1859 እ.ኤ.አ. የሞተ የአንዱ ውሻ ቆዳ ግን አሜሪካ ባለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል። ስሙ መተን ነበር፤ በእንግሊዝኛ የበግ ሥጋ ማለት ነው። ያወጣለት ሰው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም።

አንተም መሞከር ከፈለግህ የተቆረጠ ፀጉር አይሆንም። የሚያስፈልግህ ስታበጥረው የሚወጣው ለስላሳው የውስጥ ፀጉር ነው። በጣም ይሞቃል፣ ግን እንደ በግ ሱፍ አይለጠጥም። ለዚህ ነው ከበግ ሱፍ ጋር ቀላቅለው የሚፈትሉት። የቡቺ ፀጉር ለዚህ አይሆንም፤ ሶፋ ላይ ለመሰካት ብቻ የተፈጠረ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ድመት ሹራቤን እንደ ጡት ትጠባዋለች። ምን ሆና ነው?

ከእናቷ ያለጊዜዋ የተለየች ድመት ላይ ይታያል ይላሉ። ሲያሚስና በርሚዝ ዝርያዎች ላይ ደግሞ በብዛት። መጥባት ብቻ ከሆነ እርጥብ እጅጌ ነው ትርፉ። እየነከሰች ቆርጣ የምትውጥ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩትን ክር አስታውሺ፤ ሱፉን ደብቂና ለሐኪም ንገሪ።

ጥያቄ፦ የልጄ ሹራብ ታጥቦ ለአሻንጉሊት ሆነ። ይመለሳል? ምን አጠፋሁ?

ይቅርታ እናቴ፣ አይመለስም። የሱፍ ጭረት ላዩ እንደ ዓሣ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ማሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አንዴ ከተያያዙ አይላቀቁም። ማሽኑ ሦስቱንም አንድ ላይ ነው የሰጠው። ለሚቀጥለው ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው፣ ሳያሹ፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑትና አንጥፈው ያድርቁት። ከተሰቀለ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። የተኮማተረውን አይጣሉት፤ ቢቆረጥም ስለማይተረተር ጥሩ የድመት ምንጣፍ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ውሻዬ መርፌውን ጎትቶ አወጣውና 200 ቀለበት ተበተነ። አልቅሻለሁ።

አልፈርድብሽም። ለወደፊቱ በየ10 ወይም 20 ረድፉ ቀጭን፣ ቀለሙ የተለየ የጥጥ ክር በወፍራም መርፌ በቀለበቶቹ ሁሉ ውስጥ አሳልፊና ተይው። ቢበተን እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሥራው ሲያልቅ ትመዢዋለሽ። ክሩን ስትመዢ የት እንደምታስቀምጪው አልነግርሽም፤ ጣሳው ከላይ አለ።

ጥያቄ፦ ድውር ጭንሽ ላይ ስትተኛ እንዴት ነው የምትሠሪው?

በገመድ የተያያዘ ክብ መርፌ ነው የምጠቀመው። የሥራው ክብደት ጭኔ ላይ ያርፋል፤ ረጅም ጫፍ ስለሌለው ዐይኗን አይወጋትም። እሷ ከታች፣ ሥራው ከላይ። ልቃቂቱ ቦርሳው ውስጥ ሆኖ ክሩ በዚፑ ጫፍ በኩል ይወጣል። ችግሩ የምትተኛው ከሥራው ሥር ሳይሆን ላዩ ላይ ሲሆን ነው፤ ያኔ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለም። አሁን ለምሳሌ ግራው እጅጌ ላይ ናት። በ4 ሚሊሜትር መርፌ፣ 38ኛው ረድፍ ላይ።