ውሻውን ከማጠብሽ በፊት ጭጎጎቱን ልቀሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ ጸጉረ ረጅሙ ውሻሽ ሣር ውስጥ ውሎ ጭጎጎት ለብሶ መጣ፤ በሻምፑ አጠብሽው፤ አሁን ጆሮው ሥርና ጭራው ላይ እንደ ጠጠር ደርቆ አልለቅ ብሏል። ስታቅፊው የለበስሽው የሱፍ ሹራብም ያው ሆኗል። ከእኔ በፊት የመለሰልሽ ብዙ ሰው «ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው» ብሎሻል። እንዳትሞክሪው! የችግርሽን ግማሽ ያመጣው ውሃው ነው።

ክቡን ጭጎጎት ዓይንሽ አጠገብ አድርገሽ እዪው። የእሾሁ ጫፍ ቀጥ ብሎ አያልቅም፤ እንደ ዓሣ መንጠቆ ይቆለመማል። ቬልክሮ የሚባለው የጫማና የጃኬት ማጣበቂያ ከዚሁ የተቀዳ ነው። ጆርጅ ደ ሜስትራል የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ልብሱና ውሻው ላይ የተጣበቀውን ጭጎጎት በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። የተጠላለፈ ጸጉር ሲረጥብ በመንጠቆዎቹ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ሲደርቅ ደግሞ እዚያው ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለቀም፣ እጥበት የመጨረሻው ነው።

1. ፒንሳ፣ ጥርሱ የተራራቀ የብረት ማበጠሪያ፣ ወረንጦ፣ የምግብ ዘይት ወይም የጸጉር ኮንዲሽነር፣ መቀስ፣ ወፍራም ጓንት አዘጋጂ። ለውሻው ሌላ ነገር አያስፈልግም።

2. አትጎትቺ፣ ሰባብሪ። ሙሉውን ፍሬ ስትስቢ ሁሉንም መንጠቆ በአንድ ጊዜ ነው የምትታገይው፤ ጸጉሩ ከሥሩ ይነቀላል፣ ውሻውም ሁለተኛ አያስነካሽም። ደረቁን ፍሬ በፒንሳ ጫፍ ይዘሽ ጨፍልቂው። ሲፈረካከስ መንጠቆዎቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ፤ ያኔ ማበጠሪያው ይዟቸው ይወጣል። ዓይኑ አካባቢ ግን አትጨፍልቂ። ከስብርባሪው የሚበነው ደቃቅ እሾህ ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌኑን ይቧጭራል፤ ፈረሶችን ዓይናቸውን የሚያቆስላቸውም ይሄው ነው። እዚያ ቦታ ላይ በጣትና በትንሽ ኮንዲሽነር ብቻ።

3. ሳይሰበር ለቀረው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጭጎጎቱ ላይና ዙሪያው ባለው ጸጉር ላይ አሺና 5 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ከዚያ በቆዳውና በጭጎጎቱ መሀል ያለውን ጸጉር በሁለት ጣትሽ አጥብቀሽ ያዢ፤ ስታበጥሪ የሚሳበው ጣትሽ ላይ ይቀራል እንጂ ቆዳው ጋ አይደርስም። ማበጠሪያውን ከጸጉሩ ጫፍ ጀምረሽ ትንሽ በትንሽ ወደ ሥሩ አምጪው። ከሥር የጀመረ ሰው ቋጠሮውን እያጠበቀ ነው የሚሄደው። የፈረስ ጋማና ጭራም በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ ዘይቱ በዛ ማለቱ ካልሆነ በቀር። ናፍጣና ኬሮሲን የመከራችሁ ሰዎች ግን እባካችሁ ተዉ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ እንስሳውም ይልሰዋል።

4. መቀስ። ብዙ ቆዳ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ቋጠሮውን ወደ ላይ ስትስቢው ቆዳው አብሮ እንደ ድንኳን ይነሳል፤ ከሥሩ «ጸጉር ነው» ብለሽ የምትቆርጪው ቆዳ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ማበጠሪያውን በቆዳውና በቋጠሮው መሀል አሳልፊው፤ መቀሱ ከማበጠሪያው በላይ ብቻ ይሥራ። አግድም አትቁረጪ። ጸጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቋጠሮውን ለሁለት ለሦስት ሰንጥቂው፤ የተሰነጠቀው በጣት ይፈታል፣ ጸጉሩም ብዙ አይጎድልም። ያንቺው ውሻ ታጥቦ ስለደረቀ ጆሮው ሥር ያለው ያለ መሰንጠቅ የሚወጣ አይመስለኝም።

ቁጥሩን ልተወውና ወደ አደገኛው ልምጣ። ክቡ ጭጎጎት ያስቸግራል እንጂ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ፣ ከኋላው ረጅም ጭራ ያለው የሣር ዘር ነው። እሾሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለተነጠፈ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ውሻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቆዳ ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይገባል። በእግር ጣቶቹ መሀል፣ ብብቱ ሥር፣ ጆሮው ውስጥ፣ ጭኑ መሀል በጣትሽ እየዳሰስሽ ፈልጊ። ድንገት ደጋግሞ ካስነጠሰ፣ ራሱን እያራገፈ ጆሮውን ካዘነበለ፣ አንዱን እግር ብቻ መላስ ካበዛ ወይም ጣቱ መሀል አብጦ ፈሳሽ ካወጣ ዘሩ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጫፉ ከታየሽ በወረንጦ በገባበት መስመር ቀስ ብለሽ ሳቢው፤ ካልታየሽ አትቆፍሪ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ሹራቡን በተመለከተ፦ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳይገባ፤ ፍሬው ተሰባብሮ አብሮት ወደ ገባው ልብስ ሁሉ ይዛመታል። ጠረጴዛ ላይ ዘርጊውና ጭጎጎቱ ሥር ያለውን ሱፍ በአንድ እጅ ተጭነሽ በፒንሳ ጨፍልቂ፤ ስብርባሪውን በወረንጦ ልቀሚ፣ የቀረውን ብናኝ የሚያጣብቀው ፊቱ ወደ ውጭ እንዲሆን እጅሽ ላይ በጠቀለልሽው ፕላስተር አንሺ። ክሩ ከተመዘዘ አትቁረጪው፤ በመርፌ ወደ ውስጥ መልሺው። ካልሲና ሱሪ ላይ የሚሰካው ቀጭኑ ጥቁር ዘር ደግሞ ሌላ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት መርፌ አለው፤ ወደ ጎን ከጎተትሽው መርፌው ተሰብሮ ጨርቁ ውስጥ ይቀርና ስትለብሺው ይወጋሻል። በገባበት ዝንባሌ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ፤ የተሰበረውን ልብሱን ገልብጠሽ በመዳፍሽ ዳስሺና በውስጥ በኩል በወረንጦ አውጪው።

የለቀምሽውን ግቢ ውስጥ እንዳትደፊው። ሞላላው፣ ጠንካራው ጭጎጎት በውስጡ ሁለት ዘር ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ቀድሞ ይበቅልና ሌላው ለሚቀጥለው ወቅት ይቆያል። የዚህ ተክል ለጋ ቡቃያ ከብት ይመርዛል። አቃጥዪው ወይም ላስቲክ ውስጥ አስረሽ ከቆሻሻ ጋር ጣዪው።