የቢሮ አይፒ አድራሻ ሲያልቅ፦ ከጅማ የደረሱ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ፣ ማለትም በቢሮ ኔትወርክ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለይበት ቁጥር (አይፒ አድራሻ) ማለቁን፣ የሚመለከቱ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርቤአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አጂፕ አካባቢ ባለ የቡና ላኪ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍሉን እይዛለሁ። የቡና ወቅት ሲገባ ጊዜያዊ ሠራተኞች ስለሚጨመሩ፣ ጠዋት አርፍዶ የገባ ሰው ላፕቶፕ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይይዝና ኢንተርኔት አይሠራለትም። የቢሯችን አድራሻዎች በ192.168.1 ይጀምራሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በ169.254 የሚጀምረው አድራሻ፣ ኮምፒውተሩ ዲኤችሲፒን (ብዙ ጊዜ በራውተሩ ውስጥ ያለውን አድራሻ አዳይ) ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣው ነው። ቀድመው የገቡት አግኝተው አርፋጆቹ ካጡ የሚታደለው አድራሻ አልቋል ማለት ነው። በመጀመሪያ የዲኤችሲፒውን ክልል ይመልከቱ፤ አንዳንድ ራውተሮች የመጨረሻ ቁጥሩ ከ100 እስከ 199 ያለውን ብቻ እንዲያድሉ ተደርገው ስለሚመጡ፣ ኔትወርኩ 254 አድራሻ ቢይዝም እየታደለ ያለው 100 ብቻ ሊሆን ይችላል።

ያም ካልበቃ ሰብኔት ማስኩን (የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነውን ቁጥር) ከ255.255.255.0 ወደ 255.255.254.0 ሲለውጡ 510 አድራሻ ያገኛሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ 192.168.1 የሚጣመረው ከ192.168.0 ጋር እንጂ ከ192.168.2 ጋር አይደለም፤ ጥንዱ ሁልጊዜ ከተጋማሽ ቁጥር (0፣ 2፣ 4 እያለ) ይጀምራልና። ላፕቶፖቹ አዲሱን ማስክ ከዲኤችሲፒ ራሳቸው ይወስዳሉ፤ በእጅ አድራሻ የተሞላላቸው ፕሪንተር፣ ሰርቨርና የጣት አሻራ መመዝገቢያ ግን አንድ በአንድ መስተካከል አለባቸው። አሮጌውን ማስክ እንደያዘ የቀረ ፕሪንተር በ192.168.0 ያሉትን ኮምፒውተሮች እንደ ውጭ ሰው ስለሚቆጥራቸው፣ ሒሳብ ክፍል ያለችግር ሲያትም ከጎኑ ያለው ክፍል ማተም ሊያቅተው ይችላል፤ ጥፋቱም ያለ አግባብ በፕሪንተሩ ይላከካል። ሥራውን ቢሮው በተዘጋበት ሰዓት ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ለተጨማሪ አድራሻ ለኢትዮ ቴሌኮም መክፈል አለብን?

መልስ፦ የለባችሁም። በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 እንዲሁም በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች ማንም በግቢው ውስጥ በነፃ እንዲጠቀምባቸው የተተዉ ናቸው። የሚከፈልበት አድራሻ የሚያስፈልገው ከውጭ ያለ ሰው በቀጥታ የሚደርስበት ሰርቨር ሲኖራችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አራዳ ያለው ማሠልጠኛችን ሠራተኞች ከ60 አይበልጡም፤ ሆኖም 254ቱም አድራሻ አለቀ። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ሠልጣኞችም ያውቁታል።

መልስ፦ እዚህ ማስፋት መፍትሔ አይመስለኝም። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ቅንብሩ ካልተለወጠ በስተቀር አንድ አድራሻ ለ8 ቀናት ስለሚያዝ፣ ሰኞ ለአንድ ሰዓት የገባ ሠልጣኝ ስልክ አድራሻውን እስከ ቀጣዩ ሳምንት ይዞ ይቀመጣል። ለሠልጣኞች በቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለብቻ ለብቻ በሚከፍል ዘዴ) የተለየ ዋይፋይ ይክፈቱና የቆይታ ጊዜውን ወደ ሁለት ሰዓት ያውርዱ፤ የሠራተኞቹን የይለፍ ቃልም በዚያው ይቀይሩ። የተማሪ ስልክና የደመወዝ ሰርቨር በአንድ ኔትወርክ መዋላቸው በራሱ ከአድራሻው እጥረት የባሰ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ራውተር ገዝተን ብናያይዝስ?

መልስ፦ ገመዱን በኢንተርኔት መግቢያው ከሰኩት ከኋላው ሌላ ኔትወርክ ይፈጠራል፤ ከዚያ ያሉት ወደ ዋናው ቢሮ ሲደርሱ ከዋናው ቢሮ ወደ እነርሱ መድረስ ግን አይቻልም። በሌላው ቀዳዳ ከሰኩትና ዲኤችሲፒውን ካላጠፉ ደግሞ ሁለት አዳዮች በአንድ ኔትወርክ ላይ ይጋጫሉ። ራውተሩን አስቀድመው ከገዙት ዲኤችሲፒውን አጥፍተው፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር የተለየ አድርገው፣ ለዋይፋይ ማሰራጫነት ብቻ ይጠቀሙበት።