የደበዘዘ የዋሻ ሥዕል ላይ ውሃ ቢረጭስ?

ጥያቄ፦ ራቅ ወዳለ አካባቢ ስጓዝ የጥንት የዋሻ ሥዕሎችን ማየት አስቤአለሁ። ቀለማቸው ደብዝዟል አሉኝ፤ ለፎቶ እንዲደምቁ ትንሽ ውሃ ብረጭባቸው ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ እባክዎ ጠብታም አይርጩ። ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል። ሲደርቅ ጨው ከገጹ ሥር ይጠጥርና ቀለሙን እንደ ቅርፊት ፈንቅሎ ይጥለዋል። በእጅ መንካትም አይገባም፤ ላብና ቅባት ይቀራል። የፈረንሳዩ ላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1963 ለጎብኚዎች የተዘጋው የሰው እስትንፋስና መብራት ሥዕሎቹን ስለጎዳቸው ነው።

ይልቅ ከፀሐይ ሲገቡ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ 10 ደቂቃ ያህል ይታገሡ፤ በሥዕሉ ላይ ያልታየው የእንስሳ ቀንድ መስመር ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ያለ ፍላሽ፣ ካሜራውን በማቆሚያ አጽንተው ያንሱ። ዲስትሬች የተባለው የፎቶ ፕሮግራም በዓይን የጠፋውን ቀይ ቀለም ብዙ ጊዜ መልሶ ያወጣዋል። ስትራመዱም አቧራ አታስነሡ፤ ሥዕሉ ላይ ያርፋል።