ከመቆፈርህ በፊት ገመድ ግዛ

ሰላም ወንድሜ። «የሽንኩርት ማሳዬ ጉድጓድ ውሃው ድሮ 5 ሜትር ላይ ነበር፤ አሁን 12 ደርሷል። ላስቆፍር ወይስ ጉልበት ያለው ሞተር ልግዛ?» ብለሃል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው።

የሐረማያ ልጅ ነኝ። ሐይቃችን በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ጫቱም ድንቹም ከሱ ይጠጣል፤ የሐረር ቧንቧም ከሱ ይስባል፤ ከተራራው የሚወርደው ደለል ደግሞ ሆዱን ሞላው። ውሃው በሸሸ ቁጥር ቱቦ አስረዘምን። ሲያልቅ እዚያው ሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፈርን! ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል ውሃ ለማስመጣት ተገደደች።

የኔ ጉድጓድ ሲወርድ 4 ሜትር ጨመርኩ። አንድ በጋ ተገላገልኩ። በቀጣዩ ጎረቤቴ 6 ጨመረና የኔ ደረቀ። ልፈርድበት አልችልም፤ መጀመሪያ የሱን ያደረቅኩት እኔ ነኝ።

ሞተሩስ? መሬት ላይ የሚቀመጥ ሞተር የፈለገ ጉልበት ቢኖረው ከ6፣ ቢበዛ ከ7 ሜትር በታች ያለ ውሃ መሳብ አይችልም። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ጉድጓዱ ውስጥ መደብ ቆርጦ ሞተሩን ያወርደዋል። አደራህን፣ ይሄን እንዳታደርግ። ጭሱ እዚያው ይታፈናል። የገባውን ይጥላል፤ እሱን ላወጣ ብሎ የገባውንም ይጥላል።

አሁን ገመድ ግዛ። ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰር፣ በየሜትሩ ቋጥር። በየቀኑ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ለካና ጻፍ። ማታ ወርዶ ጠዋት ወደ ልኩ ከተመለሰ፣ አንዴ አሟጠህ ከመሳብ ከፋፍለህ ሳብ። የጠዋቱ ልክ ከሳምንት ሳምንት ከወረደ ግን ከሚገባው የሚወጣው በልጧል። ያኔ ጎረቤቶችህን ቡና ጠርተህ ተነጋገር። እኛ የመሳቢያ ተራ ያወጣነው እንዲያ ነው፤ መጨቃጨቁ ሁለት ወር ፈጅቷል። ፀሐይ ሲበርድ ማጠጣትና የአትክልቱን መደብ በገለባ መሸፈንም ረድቶናል።

ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ተመልሷል። ዝናቡም የተራራው እርከንም አግዘውታል። ባለሞተሮችም አብረው ተመልሰዋል፣ ያው እኛው ነን።

የሦስት ሳምንት ልክህን እዚሁ ጻፍልን። በዙሪያህ ስንት ጉድጓድ እንዳለም ቁጠርና ጨምርበት።