የአሳይለም ሕግን ላይብረሪ ገብቶ ማንበብ፦ ከመጽሐፍ ወይስ ከጆርናል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። እህትህ አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ ልታመለክት ነው። ጠበቃ እስክታገኙ አንተ ላይብረሪ ገብተህ ሕጉን ማንበብ ትፈልጋለህ። ከመጽሐፍ ልጀምር ወይስ ከጆርናል ብለሃል። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ስትመጣ እኔም ያንኑ አድርጌያለሁ። አራት ወር ሙሉ ቅዳሜዬን እዚያ ነው ያሳለፍኩት። ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ግን እህትህ አሜሪካ የገባችበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፍ። ማመልከቻው፣ ፎርም አይ-589፣ ከገባችበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ላለፈበት ሰው ሕጉ የሚቀበላቸው የተለዩ ምክንያቶች አሉ። እነሱን ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው። ንባቡ ጊዜያችሁን እንዳይበላባችሁ።

እኔ የጀመርኩት ከጆርናል ነው፤ ስህተት ነበር። የሕግ ጆርናል ላይ የሚጽፍ ምሁር ብዙ ጊዜ የሚከራከረው ሕጉ ምን መሆን እንዳለበት ነው። ዛሬ ምን እንደሆነ የሚነግርህ መንገድ ላይ ሲያልፍ ነው። ለጀማሪ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።

የአክስቴ ልጅ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ይዛ ነበር የመጣችው። ከፍርሃቷ ሁሉ የበለጠው የባሏ ቤተሰቦች ልጅቷን ያስገርዟታል የሚለው ነበር። አንድ የጆርናል ጽሑፍ ሳነብ "አባይ በአሽክሮፍት ላይ" የሚል ኬዝ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስድስተኛው ሰርኪት የሚባለው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነው ነው። ባለጉዳይዋ ኢትዮጵያዊት እናት ናት፤ ፍርሃቷም ልጄ ትገረዛለች የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ እናትየዋ ራሷ በዚህ ምክንያት ስደተኛ ልትባል ትችላለች አለ። አገሯም፣ ችግሯም፣ ሁሉም ነገር የእኛን ይመስላል። በደስታ ሰከርኩ ብልህ ማጋነን አይደለም። ኮፒ አድርጌ ለአክስቴ ልጅ ወሰድኩላት። እሷም አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የካውንቲው ፍርድ ቤት ውስጥ ያለው የሕግ ላይብረሪ ሄድኩ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ትልቅ ሴት ወረቀቱን አይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ኬዙ የሚታየው የት ነው?" ሜሪላንድ አልኳት። ካርታ አውጥታ አሳየችኝ። ስድስተኛው ሰርኪት ሚሺጋን፣ ኦሃዮ፣ ኬንታኪና ቴነሲ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አራተኛው ውስጥ ናቸው። የእኛ ዳኛ የስድስተኛውን ውሳኔ የመከተል ግዴታ የለበትም። ይባስ ብሎ አራተኛው ሰርኪት በ2007 የአንዲት ሴኔጋላዊት እናት ጉዳይ ላይ፣ ለልጅ በመፍራት ብቻ ከመባረር መዳን አይቻልም ብሎ ወስኗል። የኢሚግሬሽን ዳኞችን ውሳኔ በይግባኝ የሚያየው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድም በዚያው ዓመት አሳይለምን በተመለከተ ተመሳሳይ ነገር ብሏል። ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት እግሬን እየጎተትኩ ነው።

ግን ንባቡ ከንቱ አልቀረም። እዚያው የቦርዱን ውሳኔዎች ስከታተል የ1996ቱን የካሲንጋን ኬዝ አገኘሁ። የቶጎ ወጣት ናት። ቦርዱ ግርዛት በራሱ ለአሳይለም የሚያበቃ በደል፣ ሕጉ ማሳደድ የሚለው፣ ሊሆን ይችላል ያለው በእሷ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ልጅቷ በራሷ ስም ብታመለክትስ? ይህን ጥያቄ ይዘን ነው ጠበቃ ጋር የገባነው። ጠበቃዋ አዎ፣ ልጅ በራሷ ማመልከት ትችላለች፣ የእናትየው ኬዝ ግን በራሷ ላይ በደረሰው ነገር መቆም አለበት አለችን። ሁለቱም ፎርም ለየብቻ ተሞላ።

ስለዚህ ከመጽሐፍ ጀምር። ጠበቆች በደራሲው ስም "ኩርዝባን" ብቻ ብለው የሚጠሩት ወፍራም መጽሐፍ አለ። እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ከኋላ ያለውን ማውጫ ከፍተህ የምትፈልገውን ቃል ፈልግ። እያንዳንዱ መስመር ሥር የሕጉ ቁጥርና የኬዙ ስም ተቀምጧል። የቅርብ ጊዜውን እትም ጠይቅ፤ አሮጌውን ማንም በነፃ ቢሰጥህ እንኳ አትውሰድ። ገጾቻቸው እየተነቀሉ በአዲስ የሚተኩ ባለብዙ ቅጽ መጻሕፍትም አሉ። እነሱ ላይ ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ የተተካው መቼ እንደሆነ ተመልከት።

የቁጥሩ ነገር ደግሞ መጀመሪያ ሁሉንም ያደናግራል። የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የራሱ አንቀጽ ቁጥር አለው። ያው ሕግ በአሜሪካ የሕግ ስብስብ ርዕስ 8 ውስጥ ሌላ ቁጥር ይዟል። አሳይለም በአንዱ 208 ነው፣ በሌላው 1158። ሁለት ሕግ መስሎኝ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ።

ጊዜውን መመልከት ለምን እንደሚያስፈልግ የንጉሴን ኬዝ እይ። ኤርትራ ውስጥ ተገዶ የእስር ቤት ጠባቂ የሆነ ሰው ነው። ሌሎችን በማሳደድ የተሳተፈ ሰው አሳይለም አያገኝም። ተገዶስ ከሆነ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው ለቦርዱ መለሰው። ቦርዱ በ2018 በጠባብ ሁኔታ መገደድ ሊታይ ይችላል አለ። በ2020 የቦርዱን ውሳኔ መሻር የሚችለው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያንን ሻረው። በ2021 ቀጣዩ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን እንደገና ለማየት ወደ ራሱ ወሰደው። በ2019 የታተመ ጥሩ ጽሑፍ ይዘህ ብትቀመጥ የተሻረ ነገር ነው የምታነበው። ጸሐፊው አልዋሸም፤ ቀኑ ነው ያለፈበት።

ጆርናል እንግዲህ ለምን ይጠቅማል? አንደኛ ለግርጌ ማስታወሻዎቹ። አንድ ሰው ወራት ፈጅቶ የሰበሰባቸውን ኬዞች በአንድ ገጽ ታገኛለህ። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ለማስረጃ ነው። ስለ አገራችን ሁኔታ በአፍሪካ ጥናት ጆርናሎች የሚጽፉ ምሁራን አሉ። ጽሑፋቸው ከማመልከቻው ጋር ሊያያዝ ይችላል። አንዳንዶቹ የባለሙያ ምስክርነት ይጽፋሉ። ጠበቃችሁ ስማቸውን ብትሰጣት ደስ ይላታል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ዲሲ አካባቢ ከሆንክ የኮንግረስ ላይብረሪ የሕግ ክፍል አለልህ። የአንባቢ ካርዱ በነፃ ነው፣ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ያወጣል። መጽሐፉን ግን እዚያው ታነበዋለህ እንጂ ቤት አትወስደውም። ሌላ ስቴት ከሆንክ የካውንቲህን ፍርድ ቤት ጠይቅ። የላይብረሪ ሠራተኞች የሕግ ምክር አይሰጡም፤ የትኛውን መደርደሪያ እንደምታይ ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ኬዙ በየትኛው ስቴት እንደሚታይ ጻፍልኝና ሰርኪቱን እነግርሃለሁ። የእህትህን ታሪክ ግን እዚህ አትዘርዝር። እሱን ለጠበቃዋ ብቻ ትንገር።